ግልገሉ ከሞተሩ ሥር

ጀልባ ነጂውን የወደቡ ሰው «አይፈሬ» ይለዋል። ሚስቱ ግን እሱ ያልፈራውን ሁሉ ስትፈራለት ነው የኖረችው። ገመድ ወርዋሪም፣ ቲኬት ቆራጭም፣ ዓሣ ነባሪ ሊያይ መጥቶ ያቅለሸለሸው እንግዳ የሚያስመልስበትን ባልዲ አጣቢም እሷ ናት።

የዚያን ቀን ጠዋት አንዲት ዓሣ ነባሪ ከነግልገሏ ከድንጋያማው ዳርቻ አጠገብ ብቅ አለች። ያ ግዙፍ ጀርባዋ ከውሃው ሲወጣ እንግዳው ሁሉ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሚስትየዋ እንኳ ስንቴ አይታ እንዳላየ ሰው እንባዋ መጣ። ደንቡ ሞተር አጥፍቶ ከሩቅ ማየት ነው።

«ጠጋ ይበሉልን እንጂ ካፒቴን!» አለ አንድ ባለባርኔጣ እንግዳ። «ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው ነጥብ ለማየት ነው እንዴ?»

«ተው፣ ይቅርብህ» አለችው ባሏን።

«አንቺ ደግሞ ጥላሽንም ትፈሪያለሽ!» ብሎ ተጠጋ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ግልገሉ ጨዋታ አምሮት መጣና ከጀልባው ሥር ገባ። ሚስትየዋ ከኋላ ጎንበስ ስትል፣ ለስላሳው ጀርባው ከሞተሩ ተሽከርካሪ ስለት አንድ ክንድ አይርቅም። ክው አለች።

«አጥፋው! ግልገሉ ከሥራችን ነው!»

ሞተሩ ጠፋ። ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ፤ ማዕበሉ ጀልባውን ወደ ድንጋዮቹ ይገፋው ጀመር።

«አስነሳው! ልትጨርሰን ነው?» ባለባርኔጣው ጮኸ፤ አንቱታው የት እንደገባ እንጃ።

ሚስትየዋ ወደ ድንጋዮቹም ወደ ግልገሉም አየች። ሞተሩ ካልተነሳ ሰው ሊያልቅ ነው፤ ከተነሳ ደግሞ ግልገሉ እናቱ ፊት ሊቆራረጥ ነው።

«እንዳታስነሳ!» አለች፤ ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት።

ረጅሙን ዘንግ አንስታ ድንጋዩን መግፋት ያዘች። ባለባርኔጣውም አገዛት። የጀልባው ጎን ድንጋዩ ላይ ሲፋቅ ጥርሷን አንቀጫቀጫት። ወዲያው ከሥራቸው ውሃው ጠቆረ፤ እናቲቱ መጣች። ሚስትየዋ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው እናት ልጇን በክንፏ እየገፋች ወደ ጥልቁ ስትወስደው አየች። ያኔ ሞተሩ ተነሳ።

ወደብ ላይ ባለባርኔጣው የነጂውን እጅ ጨበጠ። «ግልገሉን ያተረፉት እርስዎ ነዎት፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር» ብሎ ሄደ።

ባልየው ገመዱ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አዙሬው ነበር» አላት።

«ምኑን?»

«ቁልፉን። አታስነሳ እያልሽኝ ሁለቴ አዞርኩት። ከድንጋጤ ብዛት ማርሹን ሳላወጣ ነው ያጠፋሁት፤ ማርሽ ገብቶ ደግሞ ሞተሩ አይነሳም። ትዝ ያለኝ እናቱ ከወሰደችው በኋላ ነው፤ ግልገሉን ያተረፈው መርሳቴ ነው።»

ባሕሩ ላይ ከፈራችው ይልቅ አሁን ፈራች።

«ነገ ባትረሳስ?»

ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረው። በማግስቱ መሪውን የያዘችው እሷ ነበረች። ዓሣ ነባሪዋ ብቅ ስትል ከሩቅ ሞተሩን አጠፋች፤ ማርሹ መውጣቱንም ደጋግማ አየች።