ጠባቡ እጅጌ

ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን አንብባ ስትጨርስ በደህናው በግራ እጇ ገፋ አድርጋ ለጠበቃው መለሰችለት።

«"ጉዳቱ ከሥራ ብዛት የመጣ ሊሆን ይችላል" ይላል። አልፈርምም።»

«ካሳው እኮ ያው ነው፣ እመቤቴ» አለ የካሳ ጽሕፈት ቤቱ ጠበቃ፣ ሰዓቱን ለሦስተኛ ጊዜ እያየ። «ቃሉ ምን ያደርግልዎታል?»

ያቃጠላት ቃሉ ነበር። ከተከተበች ስምንት ወሯ ነው፤ ቀኝ ክንዷ ከደረቷ በላይ አልነሳ ብሏል። ዘመድ ሁሉ ግን «ታስመስላለች» ብሎ ደምድሟል። ወሬውን የዘራችው ደግሞ ራሷ የከተበቻት ነርስ፣ የወንድሟ ሚስት ናት። መርፌዋ ስለማይሰማ ሰፈርተኛው «ላባ» ይላታል። ልብስ ሰፊዋ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ እንዳልዋሸች የሚናገር፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት።

ላባ ለምስክርነት ተጠርታ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣለች። ነጭ ጋውኗን እንኳ አላወለቀችም።

«ፈርሚና እንገላገል! ሃያ ዓመት ስፌት መኪና ላይ ተጎንብሰሽ ኖረሽ፣ ዛሬ ትከሻዬን ብትይ ማን ይገረማል? በቀን መቶ ሰው እወጋለሁ፤ ያመመው አንቺን ብቻ!»

«መቶውንም የምትወጊው ክንዱን ትተሽ ትከሻው ጫፍ ላይ ነው?»

«ጫፍ ትላለች! ሐኪም ሆንሽልኝ ደግሞ?»

«የማውቀው ስፌት ነው። የትከሻ ስፌት የሚያርፍበትን ቦታ ዓይኔን ጨፍኜ አገኘዋለሁ። የወጋሽኝ እዚያው ላይ ነው።»

«ታዲያ እጅጌሽ መቼ ተጠቅልሎ!» ላባ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «ራስሽ የሰፋሽውን፣ ገላሽ ላይ የተጣበቀ ቀሚስ ለብሰሽ መጣሽ። አውልቂ ብልሽ "ሰው ፊት አላወልቅም" አልሽ። ምን ላድርግ? አንገትጌውን ጎትቼ በተገኘው ቦታ ወጋሁሽ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የጠበቃው እስክሪብቶ ቆመ።

«ክንዳቸው ሳይገለጥ ነው የወጓቸው?»

ላባ የጋውኗን ቁልፍ ትነካካ ጀመር።

ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትጠብቅ ነው ስምንት ወር የከረመችው። ደስታው ግን አልመጣም። ያ ቀሚስ ትዝ አላት፤ እጅጌውን በዋዜማው ያጠበበችው፣ ላባ ፊት ወፍራ ላለመታየት ነበር።

«ይህ ከተጻፈ ፋይሉ የነርሶችን ጥፋት ወደሚያየው የሙያ ኮሚቴ ይሄዳል» አለ ጠበቃው ለልብስ ሰፊዋ። «ነርሷ ከሥራ ሊታገዱ ይችላሉ። ልጻፈው፣ ወይስ በፊተኛው እንጨርስ?»

ላባ ቀና ብላ አየቻት። «የወንድምሽን ቤት ልታፈርሺ ነው?»

«ታስመስላለች ስትዪኝስ የማን ቤት ነበር?» ወደ ጠበቃው ዞረች። «ይጻፉት። አላወልቅም ማለቴም ይግባበት፤ እውነት ነው።»

ጠበቃው ጽፎ፣ ማኅተም አሳርፎ ሲያቀርብላት በግራ እጇ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን እያጣመመች ፈረመች።

ኮሪደሩ ላይ ወንድሟ የሁለቱንም ሴቶች ቦርሳ ታቅፎ ቆሟል። ፊታቸውን አየ። የሚስቱን ቦርሳ ብብቱ ሥር ሸጎጠ፤ የእህቱን ወለሉ ላይ አስቀምጦ ሚስቱን ተከትሎ ደረጃውን ወረደ።

ቀኝ እጇ እየነዘራት ነው። ወረቀቱን በጥርሷ ነክሳ፣ ጎንበስ ብላ ቦርሳዋን በግራዋ አነሳች።