የመመለሻው ቱቦ

ትራክተሩ ፒካፑን ጎትቶ ጋራዡ በር ላይ ሲያቆመው መካኒኩ ከተቀመጠበት አልተነሣም። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ይህ ሦስተኛ ጊዜው ነበር። ታላቅ ወንድሙ ከመሪው ወርዶ በሩን በኃይል ዘጋው።

«እንደገና አልይዝ አለ» አለ። «ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም።»

«መጀመሪያ እንደምን አደርክ ይባላል።»

«ደኅና አላደርኩም።»

መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተ። የካምቢዮውን፣ የማርሽ ሳጥኑን፣ የዘይት መለኪያ ዘንግ መዝዞ በነጭ ጨርቅ ጠረገው። ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ጠቁሯል፤ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ጨርቁን ወስዶ የወንድሙ አፍንጫ ሥር ያዘለት።

«አሽትተው።»

«አውቀዋለሁ።»

«ካወቅኸው ለምን አቃጠልከው?»

ፒካፑ ማርሹን ራሱ የሚቀይር ዓይነት ነው። ወንድሙ ከኋላው የውሃ ታንከር ቀጥሎ ቧንቧ ወደማይደርስበት ኮረብታ ላይ ላሉት ቤቶች ውሃ ያመላልሳል፤ እሱም፣ ሚስቱም፣ ልጆቹም የሚኖሩት በዚሁ ሥራ ነው። ካምቢዮው ሁለት ጊዜ ተቃጥሎ ሁለት ጊዜ ታድሷል። በሁለተኛው ጊዜ መካኒኩ ሳይደብቅ ተናግሯል፤ ውስጡ ሌላ እድሳት አይችልም፣ ምትኩም ተፈልጎ አልተገኘም። አንድ ጊዜ ደግሞ ከተቃጠለ መኪናው የዶሮ ቤት ነው።

ስለዚህ ከአራት ወር በፊት ከራዲያተሩ ፊት ሰፊ የዘይት ማቀዝቀዣ ገጠመለት፤ የራሱ ፋን ያለው። ዘይቱ የሚሄድባቸውን ቱቦዎች በወፍራሞች ቀየረ። ከመሪው አጠገብ የዘይቱን ሙቀት የሚያሳይ ክብ ጌጅ አስቀመጠና መቶ አሥር ዲግሪ ላይ በቀይ ቀለም አሰመረበት። «መርፌው እዚህ ሳይደርስ ቁም» አለው። ከዚህ በላይ ምን ይደረግ?

«ጌጁን ፊትህ ላይ ሰቅዬልህ፣ እያየኸው አቃጠልከው!»

«ሰማንያን አልፎ አያውቅም።»

«ውሸት!»

«ማንን ነው ውሸታም የምትለው? ታላቅህ እኮ ነኝ!»

«ታላቅነትህን ለካምቢዮው ንገረው።»

የወንድሙ ሚስት እስካሁን ከኋላ ወንበር ሆና ታዳምጥ ነበር። ወረደችና በመካከላቸው ቆመች። እሷ ስትቆጣ ድምፅዋ ይቀንሳል።

«እናንተን መገላገል ሰልችቶኛል» አለች። «ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትዋሻላችሁ። ዘይቱን ቀይረውና ታንከሩን ሞልተን አብረን እንውጣ። የሚዋሸውን በዓይኔ ልየው።»

መካኒኩ ዘይቱን አፈሰሰ። በጣቶቹ መካከል ሲያሸው የብረት ብናኝ ብዙም አላገኘበትም። ካምቢዮው ገና አልሞተም። ይህን ግን ለወንድሙ አልነገረውም፤ ትንሽ ይጨነቅ ብሎ።

ከቀትር በኋላ ታንከሩን ሞልተው ዳገቱን ጀመሩ። መካኒኩ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሯል። ሚስትየው ከኋላ በሁለቱ ወንበሮች መካከል አንገቷን አስግጋ ጌጁን ታያለች።

«ቀስ በል።»

«መንዳት ካማረህ ና ያዘው።»

«እኔ ከነዳሁማ ማን ያቃጥለዋል?»

«ሁለታችሁም ዝም በሉ» አለች ሴትየዋ። «ሰባ ሁለት ይላል።»

ዳገቱ አጋማሽ ላይ መንገዱ ይጠብባል። የሚወርዱት እስኪያልፉ የሚወጡት ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ። ከፊታቸው አራት መኪና ነበር። ወንድሙ ቆመ። ፍሬን ግን አልነካም። ነዳጁን ለስለስ አድርጎ እንደረገጠ መኪናውን፣ ከነታንከሩ፣ ዳገቱ ላይ አንጠልጥሎ ያዘው። ሞተሩ ያጉረመርማል፤ ጎማው ወደፊትም ወደኋላም አይልም።

መካኒኩ መጀመሪያ ጆሮውን አላመነም። ከዚያ የወንድሙን እግር አየ።

«ምንድን ነው የምትሠራው?»

«ተራ እየጠበቅሁ ነዋ።»

«በነዳጅ? ፍሬኑ ለምን ተሠራ? ካምቢዮው ውስጥ ዘይቱ እየታሸ እየጋለ ነው እኮ! በየቀኑ እንደዚህ ነው የምትቆመው?»

«አባባ እንዴት ነው ያስተማረን? አንተንስ?»

አባታቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። አንድ ጊዜ ዳገት ላይ ፍሬን ከድቶት ወደኋላ ተንሸራቶ ከገደል አፋፍ ነው የተረፈው። ከዚያ በኋላ ሁለቱንም ልጆቹን፣ ዳገት ላይ ፍሬን እንዳያምኑ፣ መኪናውን በነዳጅ ይዘው እንዲጠብቁ አስተማራቸው። ፍሪሲዮኑ በየዓመቱ ይበላበት ነበር፤ ለምን ብሎ የጠየቀው ግን የለም።

«ያ ሌላ መኪና ነው! ያ በእጅ የሚቀየር ማርሽ ነው!» መካኒኩ በመዳፉ ዳሽቦርዱን መታው። «በቃ፣ እትዬ፣ ተገኘ! አየሽ? የሚያቃጥለው እሱ ራሱ ነው!»

«አየሁ» አለች። «ጌጁ ግን ሰባ ስምንት ይላል።»

መካኒኩ መርፌውን ተመለከተ። ሰባ ስምንት። በዚሁ መካከል ከወለሉ ሥር ያ ሽታ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ሦስቱም አሸተቱት።

«የእጅ ፍሬኑን ሳብና አጥፋው» አለ መካኒኩ።

ሴትየዋ ወርዳ ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አደረገች። መካኒኩ ጨርቅ በታንከሩ ውሃ ነከረና ከመኪናው ሥር ገባ። ጨርቁን ከካምቢዮው ሆድ ላይ ጨመቀው፤ ውሃው ቸስ ብሎ ወዲያው ተነነ። ዘይቱ ወደ ማቀዝቀዣው በሚወጣበት ቱቦ አንገት ላይ ጨመቀው፤ እዚያም ቸስ አለ። ከዚያ እጁ ወደ ሌላው ቱቦ ሄደ፣ ዘይቱ ቀዝቅዞ ወደሚመለስበት። እዚያ ጠብታው ሳይተን ዝም ብሎ ወርዶ የመካኒኩ አንገት ላይ ፈሰሰ። ሙቀቱን የሚያነበው የጌጁ ሴንሰር የታሰረው እዚያ ነው። ያሰረው እሱ ነው።

ያን ቀን አስታወሰው። ሴንሰሩ መግባት ያለበት ከካምቢዮው ሥር ካለው የዘይት ቋት ላይ ነበር። ለዚያ ቋቱ መውረድ፣ መበሳት፣ መበየድ አለበት፤ ሌላ ግማሽ ቀን በጀርባ መተኛት ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ተጣልተው ነበር። ወንድሙ ለሰፈሩ ሁሉ «ወንድሜ መኪናዬን አበላሸው» ብሎ ማውራቱን ሰምቷል። ለዚህ ሰው ስል ጀርባዬ ከሲሚንቶ ጋር አይጣበቅም ብሎ ለእጅ የቀረበውን ቱቦ መረጠ። ዘይት ዘይት ነው አለ።

«ምን አገኘህ?» አለች ሴትየዋ ከላይ።

ዝም ማለት ይችል ነበር። ነገ ማንም ሳያይ ያዛውረዋል፤ ጥፋቱም ዳገት ላይ ነዳጅ ለሚረግጠው ሰው ይቀራል። ለነገሩ እሱም አጥፍቷል። ከመኪናው ሥር የወንድሙን ጫማዎች ያያል፤ አንዱ መሬቱን ይደበድባል።

ወጣና ሳይነሣ ተቀመጠ።

«ጌጁ ይዋሻል» አለ፣ የሚሳደብ በሚመስል ድምፅ። «የቀዘቀዘውን ዘይት ነው የሚያነበው። ቦታውን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ወንድሙ ወዲያው አልገባውም። ሲገባው ፊቱ ጠቆረ።

«አራት ወር» አለ። «አራት ወር ሙሉ መንገዱን ትቼ መርፌህን ሳይ ነበር! 'ለአንድ ጊዜ እንኳን የማምነው ነገር ሠራልኝ' ብዬ ለእሷ ነግሬያታለሁ። ጠይቃት!»

«ብሏል» አለች ሴትየዋ።

«አንተም ከእንግዲህ በነዳጅ አትቆምም!» አለ መካኒኩ።

«አንተ አትምከረኝ!»

ከኋላ የተሰለፉት ጥሩንባ መንፋት ጀመሩ። ሴትየዋ ወደ እነሱ ዞራ «ውሃ የሚጠጣ ሰው ይታገሣል!» ብላ ጮኸችባቸው። ከዚያ ወደ ሁለቱ። «ነገ ቋቱ ይወርዳል። አንተ ትሠራለህ፣ አንተ መብራት ትይዛለህ። መጣላት የፈለገ ከሥራው በኋላ።»

በማግስቱ እንዲሁ ሆነ። ስድስት ሰዓት ያህል ከመኪናው ሥር ጎን ለጎን ተኝተው «ወደዚህ አብራ»፣ «እያበራሁ ነው»፣ «ዓይኔ ላይ አይደለም» ከመባባል በቀር አልተነጋገሩም።

በሦስተኛው ቀን ያው ዳገት፣ ያው ሰልፍ። ወንድሙ እንደ ልማዱ ነዳጁን ረግጦ ቆመ። መርፌው ከዘጠና ስድስት ተነሥቶ መቶ ሦስት፣ መቶ ሰባት ገባ። መካኒኩ አፉን ሊከፍት ሲል ወንድሙ እግሩን አነሣ። ታንከሩ ወደኋላ ሲጎትታቸው ፊቱ ላይ ላብ ችፍ አለ፤ ፍሬኑን በሙሉ ኃይሉ ረገጠ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ማርሹን ባዶ አደረገ። መኪናው ቆመ። የማቀዝቀዣው ፋን ይዞራል። መርፌው መቶ ሁለት፣ ዘጠና ሰባት፣ ዘጠና አንድ።

«አየህ? ያዘ እኮ…»

«ዝም በል» አለው ወንድሙ። እግሩን ከፍሬኑ አላነሣም፤ ዓይኑንም ከጌጁ አልነቀለም። «ይቅር አላልኩህም። እያየሁ ነው።»