ከታንኳው አልወረደም

ዋሉሲምቢ ሚስቱን ሊለምን የሄደው እንግዳ ይዞ ነው። ለብቻው መሄድ አልሆነለትም። አንገቱን ደፍቶ በሚስቱ ወንድም ደጅ ሲቆም አገሩ ሁሉ እንዲያየው አልፈለገም። ፈረንጅ ከኋላው ተቀምጣ፣ መኪና እየነዳ፣ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቢደርስ ግን ሌላ ነው፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው በመንገዱ ጎራ አለ ይባላል። ሥራው ወፍ ማስጎብኘት ነው፤ ስለዚህ የጉብኝት መንገዱ በዚያ በኩል እስኪያልፍለት ጠበቀ። ጥበቃው ወራት ፈጀ። ሚስቱ ናኪቶም እነዚያን ወራት በእናቷ ቤት ሆና ቆጠረቻቸው።

እንግዳዋ ኢንግሪድ ትባላለች፤ ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ ቀጭን፣ ብዙ የማትናገር። መጀመሪያ በምቡሮ ሐይቅ ዙሪያ ባለው የግራር ሜዳ ወሰዳት። ጅግራ፣ እርኩም፣ ጥምብ አንሳ፣ የሚታየውን ሁሉ አሳያት። ቀጥሎ ምፓንጋ ደን ገቡ። እዚያ የወፍ ነገር በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው፤ ቅጠሉ ሁሉን ይሸፍናል። ሴትዮዋ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ወደ ላይ አንጋጥጣ ስታዳምጥ፣ ከመኪናው ውስጥ አውራ ዶሮ ጮኸ።

«ይኼኛው መጽሐፌ ላይ የለም» አለች።

«ይቅርታ እመቤት። የሚስቴ ወንድም ነው።»

«ዶሮው?»

«የእሱ ድርሻ ነው ማለቴ ነው። ሚስት ስታኮርፍ ያለ ዶሮ አትመለስም። ወንድሟ ከተቀበለ ነገሩ አለቀ።»

«ካልተቀበለስ?»

ዋሉሲምቢ ዶሮውን ዝም ሊያሰኝ ወደ መኪናው ሄደ።

የሚስቱ ወንድም ሉብዋማና እሱ ድሮ ጓደኛሞች ነበሩ። የወፍ መሪዎች ማኅበር ሲመሠረት አብረው ለፈተና ቀረቡ። ዋሉሲምቢ ትምህርቱን ያቋረጠው ልጅ ሆኖ ነው፤ ወፉን ያውቃል፣ ጽሑፉን ግን አይደፍርም። ወረቀቱን ሰጥተው ጮክ ብለህ አንብብ አሉት። ተንተባተበ። ሉብዋማ ሳቀ። ቤቱም ተከትሎት ሳቀ። ሉብዋማ በማግስቱ ረስቶታል፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እህቱን ካገባ በኋላ እንኳ ዋሉሲምቢ ያን ሳቅ እንደ ታመመ ጥርስ በምላሱ ይነካካው ነበር።

የሚስቱ አባት ሲሞቱና ተዝካራቸው ሲወጣ፣ በአባቱ ቦታ ወራሽ ሆኖ የሚሾመው ሉብዋማ ነበር። ዋሉሲምቢ ሰው ሁሉ እልል ሲልለት ቆሞ ማየቱን አልቻለውም። እንግዳ አለብኝ ብሎ ከቀብሩም ከተዝካሩም ቀረ። እንግዳ አልነበረውም። ናኪቶ ብቻዋን ሄዳ እዚያው ቀረች። «አባቴን ያልቀበረ ሰው ምን ሆኜ ቤቱ እመለሳለሁ?» ብላ ላከችበት።

የሚስቱ ወንድም ወዳለበት ማባምባ ረግረግ ሲደርሱ ረፍዷል። ታንኳዎቹ ሁሉ ከአንድ ትልቅ የጉብኝት ቡድን ጋር ወጥተዋል፤ ዳር ላይ የቀረችው አንዲት ናት። አጠገቧ ሉብዋማ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ቆሟል።

«ሙኮ!» አለ፤ እዚያ አገር የሚስት ወንድምና ባል እንዲህ ነው የሚጠራሩት። «ሞቷል ብለን ነበር እኮ! ለቅሶ ግን አልተቀመጥንም፤ አንተም ስላልተቀመጥክልን።»

«እንግዳ ነበረብኝ።»

«አንተ መቼ እንግዳ አጥተህ ታውቃለህ? የገዛ ሚስትህም እንግዳ ሆናብሃለች።»

ዋሉሲምቢ ጥርሱን ነክሶ ዶሮውን አወጣ። በሁለት እጁ አቀረበ። ሉብዋማ በእግሩ አንጠልጥሎ ዙሪያውን መረመረው፤ ሥጋ ገበያ ያለ ይመስል ደረቱን ጫን ጫን አደረገ።

«ከአንተ ይሻላል። ቢያንስ ሰዓቱን ጠብቆ ይጮሃል» አለና ድንገት ሳቁ ለሰለሰ። «ተቀብያለሁ፤ ግባ እንግዲህ። ናኪቶ መምጣትህን ሰምታ ዕቃዋን ጠዋት አስራ ወጥታለች። እናታችን የዓይኗን ሞራ አስወጥታ ከሐኪም ቤት እየመጣች ነው፤ ልትቀበላት ሄዳ ነው። አሁን ይደርሳሉ። ምንም አልቀጣህም። ሚስትህን ይዘህ ግባ።»

ዋሉሲምቢ እንዲህ ይቀላል ብሎ አልጠበቀም። እስኪደርሱ ወፍ ሊያሳያት እንግዳዋን ደግፎ ታንኳው ላይ አስቀመጣት፣ እሱም ከፊት ተቀመጠ። ሉብዋማ ሊገፋ ሲል ሁለት ሞተር ሳይክሎች ከዳገቱ ወረዱ። በአንዱ ናኪቶ፣ በሌላው ሁለት ዓይኖቿ በነጭ ፋሻ የታሰሩ አሮጊት።

ዋሉሲምቢ ወዲያው ፊቱን ወደ ውኃው አዞረ፤ ቆቡንም እስከ ቅንድቡ ሳበ። አማች የሚስቱን እናት ፊት ለፊት አያይም፣ አብሯት አይቀመጥም፣ ጥላዋንም አይረግጥም። ይህን ሕፃን ያውቀዋል።

«ሙኮ፣ ውረድ» አለ ሉብዋማ። «ፈረንጇንና እናቴን አንድ ላይ እወስዳለሁ። ቤታችን ማዶ ነው፤ በየብስ ግማሽ ቀን ያዞራል፣ አቧራው ደግሞ ዓይኗን ይፈጃታል። ትልቁ ወፍ፣ ቡልዌ፣ ጠዋት የውኃው በር ላይ ቆሞ ነበር፤ በመንገዳችን አሳያታለሁ።»

ነገሩ እንከን አልነበረውም። ማንም አይጎዳም፣ ልማዱም አይፈርስም። አንድ ሰው ብቻ ከታንኳ መውረድ ነበረበት። ነገር ግን «አሳያታለሁ» የምትለው ቃል ዋሉሲምቢን እንደ እሾህ ወጋችው። ሦስት ቀን በሣርና በደን እንግዳዋን ያዞረው እሱ ነው። ያ ትልቅ ግራጫ ወፍ፣ አፉ የእንጨት ጫማ የመሰለው፣ ሰው ከዓለም ዳርቻ ሊያየው የሚመጣው፣ እሱን ሉብዋማ ሊያሳያት!

«ከአማቴ ጋር በአንድ ታንኳ አልቀመጥም። ነውር ነው» አለ።

«ማን ተቀመጥ አለህ? ውረድ ነው የምልህ!»

«እንግዳዋ የእኔ ናት።»

ሉብዋማ አፉን ከፍቶ አየው። በዚያው ቅጽበት አሮጊቷ ጭቃው ላይ ተንሸራተተችና «እኔን ልጄን!» አለች። ሉብዋማ መቅዘፊያውን ጥሎ ሊይዛት ሮጠ። ዋሉሲምቢ መቅዘፊያውን አነሣ። ዳሩን ገፋ።

«የናንፉካ አባት!» ስትል ሰማት። ናኪቶ ናት፤ በልጃቸው ስም ነው የምትጠራው። አንድ ጊዜ ብቻ ጠራችው። አልዞረም፤ ቢዞር አማቱን ያያላ! ልማዱ አንገቱን ያዘለት።

ደንገሉ በግራና በቀኝ ገጠመ። ቀይ እግር ወፍ በውኃ አበባው ቅጠል ላይ ይራመዳል። ኢንግሪድ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞር ብላ አየች። ከውኃው በር ላይ ቡልዌ ቆሟል፤ ሐውልት ይመስላል።

«ድሮ ዓሣ አጥማጆች ይጠሉት ነበር» ሲል ዋሉሲምቢ አንሾካሾከ፤ ለዚህ ሰዓት ያዘጋጀው ንግግር ነበር። «እሱን ያየ መረቡ ባዶ ይገባል እያሉ ይገድሉት ነበር።»

«አንተስ ታምናለህ?»

«እኔ ዓሣ አላጠምድም።»

ወፉ ድንገት ወደ ውኃው ተወርውሮ ዓሣ ነጥቆ ወጣ። ዋሉሲምቢ ደስታዋን ሊያይ ወደ ሴትዮዋ ዞረ። መነጽሯን ዝቅ አድርጋ እሱን ነበር የምታየው።

«ያቺ የጠራችህ ሴት ማን ናት?»

«ባለቤቴ።»

«ዓይኗ የታሰረውስ?»

«እናቷ ናቸው።»

በኋላ ቀስ ብላ፣ «ለምን አልነገርከኝም? እስኪሻገሩ ዳር ቁጭ ብዬ እጠብቃቸው ነበር» አለች። «ይህን ወፍ ዛምቢያ አይቼዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ። ልታሳየኝ ጓጉተህ ሳይህ ልነግርህ አልፈለግሁም።»

ዋሉሲምቢ ታንኳውን አዞረ። ሲመጣ ያላየው የውኃው ርቀት ሲመለስ አላልቅ አለው።

ዳር ላይ ናኪቶ ብቻዋን ቆማለች። ወንድሟ እናቱን በሞተር አሳፍሮ በዙሪያው መንገድ ሄዷል። ዕቃዋ ከእግሯ ሥር ነው። አልጮኸችም።

«እናቴ ምን አለች መሰለህ? ‹ልጄ አከበረኝ፣ ፊቱን አዙሮ ሄደ› አለች። ዓይኗ ታስሮ አላየችህም። እኔ ግን አየሁህ።»

«ልማዱ እኮ ነው፤ በአንድ ታንኳ…»

«ልማዱ ውረድ ነው የሚለው።»

ያን ጊዜ ይቅርታ ማለት ነበረበት። በአፉ የመጣው ሌላ ነው። «ወንድምሽ ያን ቀን በሰው ፊት ሲስቅብኝ…»

«ወንድሜ የሳቀው አንድ ቀን ነው» አለች። «አንተ ግን በልብህ በየቀኑ ታስቀዋለህ።» ዕቃዋን አንሥታ ራሷ ላይ አደረገችና አቧራማውን መንገድ ያዘች።

«ተከተላት» አለች ኢንግሪድ። «አውሮፕላኔ ነገ ነው።»

«ይበርድላትና ትመለሳለች» አለ ዋሉሲምቢ፤ የመኪናውን በር ከፈተላት።

አልተመለሰችም። ናንፉካ ስትዳር እንኳ ሁለቱ በተለያየ ዳስ ነው የተቀመጡት።

ዋሉሲምቢ ዛሬም እንግዳ ይዞ ማባምባ ይሄዳል። ታንኳ ውስጥ ግን ብዙ አይቆይም። ሊሻገር የመጣ ሰው ዳር ላይ ካየ፣ ገበያተኛም ይሁን ተማሪ፣ ማንም ሳይጠይቀው ይወርዳል፤ እንግዳውን ለሌላ መሪ ይሰጣል። ቀዛፊዎቹ «ሽማግሌው ውኃ መፍራት ጀመረ» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ ዳር ላይ ቆሞ የሚወርዱትንና የሚሳፈሩትን ያያል። ከናኪቶ ቤት ግን እሱ ባለበት ቀን ማንም አይሻገርም፤ መኪናውን ከሩቅ ያውቁታል።