ድንቢጥ ደፉ ላይ

"እጅሽን ከመሪው ላይ አታንሺ ብያለሁ!" አለ ኖርማን፣ ቦዩ ዳር ቆሞ።

"መቼ ያዝኩትና ነው የማነሳው!" አለች ቤሪል።

ሞተሩ ዱግ ዱግ ይላል። ድንቢጥ የተባለችው ረጅም፣ ቀጭን ጀልባቸው በርሚንግሃም መሃል ከተማ፣ አሥራ ሦስቱ አፋፍ ላይ ደርሳለች። አሥራ ሦስቱ የሚባሉት ቦዩ ቁልቁል የሚወርድባቸው የውሃ ደረጃዎች ናቸው። ጀልባ ሙሉ ገንዳ ውስጥ ይገባል፤ ከኋላው በር ይዘጋል፤ ውሃው በታች በኩል ሲለቀቅ አብሮ ዝቅ ይልና በታችኛው በር ይወጣል። ከዚያ ሌላ ገንዳ፣ ሌላ በር።

ከተጋቡ ጀምሮ መሪውን የሚይዘው ኖርማን ነበር። የውሃ መልቀቂያው የሚዞርበትን ማኖቬላ ቀበቶዋ ላይ ሰክታ፣ በእግሯ እየቀደመች በሮቹን የምትገፋው ቤሪል ነበረች። ቦዩ ላይ ባልና ሚስት ሁሉ እንዲያ ነው፤ ጉልበቱ የሴቷ፣ ማዕረጉ የወንዱ። ማን እንደደነገገው የሚያውቅ የለም። ዘንድሮ ግን የቤሪል ጉልበት እምቢ አለ። በር ላይ መሻገር ቀርቶ ከአውቶቡስ መውረድ ሥቃይ ሆነባት።

ልጃቸው ጁዲት "ትሸጥ" አለች። "አንድ ቀን ሁለታችሁንም ከውሃ ልለቅም ነው?"

ኖርማን አቀረቀረ። ቤሪል ግን "ቦታ እንቀያየራለን" አለች። በመጨረሻም ተስማሙ። ቦታ ተቀያይረው አሥራ ሦስቱን በሰላም ከወረዱ ድንቢጥ ትቀራለች፤ ካልሆነ ትሸጣለች። ጁዲት ከመጨረሻው በር ታች ሆና ትጠብቃቸዋለች።

ቤሪል ጀልባዋን የፈለገቻት ለራሷ ለጀልባዋ ይሁን ወይስ ከጉልበቷ ጋር እልህ ተጋብታ፣ እርግጠኛ አልነበረችም። የምታውቀው አንድ ነገር ነው። ቤት ውስጥ ኖርማን ቴሌቪዥን ያያል፤ ቦዩ ላይ ግን እሷን ያያል። የግዱን ነው። ሞተሩ ስለሚጮህ ደረጃዎቹ ላይ በአፍ እምብዛም አይነጋገሩም፤ የሚያወራው እጅ ነው።

የመጀመሪያው ገንዳ ስትገባ ግድግዳውን መታችው።

"ከተማውን አፍርሰሽ ልታልፊ ነው እንዴ?"

"ግድግዳው ነው የመጣብኝ!"

ሁለተኛውን በትንሹ ብቻ ነካችው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳትነካ ገባች። ኖርማንም ላብ በላብ ሆኖ በሮቹን በጀርባው እየገፋ "ይሄን ሁሉ ዘመን ይህን ስትገፊ አንድ ቀን እንኳ አልነገርሽኝም" አላት።

"ነግሬሃለሁ። ሞተሩ ይጮህ ነበር።"

ቦዩ ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ሥር ሲገባ ብርሃኑ ደበዘዘ። የሞተሩ ድምፅ ከኮንክሪቱ ጣሪያ እየተመለሰ እጥፍ ሆነ። ቤሪል ገንዳው ውስጥ ገባች፤ የላይኛው በር ከኋላዋ ተዘጋ። ከዚያ በር ሥር፣ ውሃው ውስጥ፣ የድንጋይ ደፍ አለ። ገንዳው ሙሉ ሲሆን አይታይም። የጀልባ ጭራ ደፉ ላይ እንዳለ ውሃው ከተለቀቀ ጭራው ተሰቅሎ ይቀራል፤ አፍንጫው ይሰምጣል። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ነጭ መስመር ተቀብቷል፤ እሱን ሳያልፉ ውሃ አይለቀቅም።

ቤሪል ዞር ብላ ስታይ መስመሩ ከፊቷ ነበር። ጀልባዋ ሳታስበው ወደኋላ ሸርተት ብላለች። ወዲያው መዳፏን አነሳች፤ ሁልጊዜ እንደምታደርገው፤ "ቆይ" ማለቷ ነው።

ታችኛው በር ጋ የደረሰው ኖርማን የተነሳውን መዳፍ አየ። እሱ መሪው ላይ ሆኖ መዳፉን ሲያነሳ ትርጉሙ "ተዘጋጅቻለሁ፣ ልቀቂ" ነበር። ማኖቬላውን በደስታ አዞረው።

ውሃው እየተንዶቀዶቀ ወረደ። አፍንጫው አብሮ ወረደ፤ ጭራው ግን ቀረ። ከውስጥ ሳህን ተሰበረ። የቤሪል እግር ተንሸራተተ።

"ዝጋው! ደፉ ላይ ነኝ!"

ኖርማን አልሰማም። ጎንበስ ብሎ ያዞራል። ቤሪል በአንድ እጇ መሪው ላይ ተንጠልጥላ በሌላው ሞተሩን አጠፋችው። ድንገት ጸጥ አለ።

"ኖርማን! ዝጋ!"

ቀና ሲል አያት። መልቀቂያውን ዘግቶ ወደ ላይኛው በር ሮጠ። ቤሪል እንዲያ ሲሮጥ አይታው አታውቅም። ከላይ ውሃ ለቀቀ፤ ገንዳው ቀስ በቀስ ሞላ፤ ድንቢጥም አቃስታ ተነሳች።

ኖርማን የበሩ መግፊያ ግንድ ላይ ቁጭ አለ።

"ሞተሩን ለምን አጠፋሽው?"

"እንድትሰማኝ ነዋ።"

"ልቀቅ አልሽኝ እኮ።"

"ቆይ ነው ያልኩህ!"

"መሪ ላይ ያለ ሰው መዳፉን ካነሳ ልቀቅ ማለቱ ነው!"

"እኔ መዳፌን ሳነሳ ቆይ ነው! ሁሌም ቆይ ነው!"

"ታዲያ እስከ ዛሬ እኔ ቆይ ስልህ፣ አንተ ልቀቂ እያልከኝ ነው የኖርነው?" አለች ቤሪል።

"ሳንፋታ የኖርነው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።"

ቤሪል ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

"ትሸጥ" አለ። "ልገድልሽ ነበር፣ ሆዴ።"

"አልገደልከኝም። ከዚህ በኋላ በአፍ ነው። ገንዳ ውስጥ ስገባ ሞተሩን አጠፋለሁ፣ እንነጋገራለን።"

"ይሄ ሁሉ ሰው እያየን?"

"ይየና!"

የቀሩትን ደረጃዎች እየጮኹ ወረዱ። "ልቀቅ!" "ልልቀቅ ወይ?" "ልቀቅ አልኩህ፣ ደንቆሮ!" "ደንቆሮ ያገባሽው አንቺ!" ከሕንፃው መስኮት አንዲት ሴት አንገቷን አውጥታ "እንዲለቅልሽ ልምጣ?" አለቻት። ኖርማን እንደ ጎረምሳ ቀላ። በየገንዳው ላይ ያወሩት ግን ስለ ውሃ ብቻ አልነበረም፤ ስለ ጉልበቷ አወሩ፤ በሩ ምን ያህል እንደሚከብድም፣ ደግሞም እንዲሁ ስለ ተራ ነገር።

ጁዲት ጀልባዋን ከማየቷ በፊት ድምፃቸውን ሰማች።

"እየተጣላችሁ ነው?"

"ደፉ ላይ ሰቅያት ነበር" አለች ቤሪል። መዋሸት አልፈለገችም። "በሰላም አልወረድንም።"

"እኔ ነኝ የሰቀልኳት" አለ ኖርማን።

"መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ!"

"ውሃውን የለቀቅኩት እኔ ነኝ! አታቋርጪኝ!"

ጁዲት አንዴ እናቷን፣ አንዴ አባቷን አየች። አባቷ ሲከራከር አይታው አታውቅም ማለት ይቻላል። እናቷም አባቷ ቤት ውስጥ ለብቻው አኩርፎ ስንት ቀን እንደሚውል ስታማርር ሰምታለች።

"የተስማማነው በሰላም ብትወርዱ ነበር" አለች።

"ልክ ነሽ" አለች ቤሪል፣ ሞተሩን እያጠፋች።

ጁዲት ጎንበስ ብላ የጀልባዋን ገመድ ያዘች።

"የት ልሰረው?"

"ሳታስሪው መያዝ አትችይም?" አለ ኖርማን። "መልሰን ልንወጣ እኮ ነው። መሸጡ ቀርቷል።"

ጁዲት ገመዱን እንደያዘች ዘልላ ገባች።

"ጠጋ በይ፣ እማዬ" አለች።