የሩቲ ስንኝ

እኔ በሙት መንፈስ አላምንም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የምለውን ሰምቶ «ጽጌረዳ ለየላት» የሚል ስለማይጠፋ ነው። ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው። እናቴ ደጃፍ ላይ የተንኮሻኮሸውን ሁሉ በስመ አብ ብላ የምታባርር ሴት ናት፤ እኔ ደግሞ ድመት ነው ብዬ ተነስቼ በሩን የምከፍት ልጅ ነበርኩ። አብዛኛውን ጊዜም ድመት ነበር።

ቢሆንም በዩኒቨርሲቲያችን ኳየር ውስጥ፣ እኛ አልቶዎች፣ ዝቅ ያለውን የሴት ድምፅ የምንይዘው፣ በምንቆምበት በሁለተኛው ረድፍ፣ ከእኔ በስተግራ አንድ ሰው የሚያስቆም ክፍተት አለ። እዚያ ማንም አይቆምም። አዲስ ተማሪ ሲመጣ ዜማ ከመማሩ በፊት የሚማረው ይህንን ነው። መድረኩ ጠቦን ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን፣ ቴነሮቹ ከጫፍ ሊወድቁ ደርሰው እንኳ፣ ያ ቦታ ክፍት ይሆናል። የሩቲ ቦታ ነው።

ሩቲ የኳየራችን መሪ የጋሽ ኢታና ብቸኛ ልጅ ነበረች፤ ለእኔ ደግሞ ጓደኛዬ። ዩኒቨርሲቲ የገባነው በአንድ ዓመት ነው፤ ኳየር ውስጥም ጎን ለጎን ነበር የምንቆመው። ልቧ ከልጅነቷ ጀምሮ ታማሚ ነበር። ሦስተኛ ዓመት ሳለን ቅዳሜ አብራን ተለማምዳ ሰኞ አረፈች። ጋሽ ኢታና ራሳቸው የደረሱት አንድ የማታ ጸሎት አለ፤ ሁለተኛውን ስንኝ ሩቲ ለብቻዋ ትዘምረው ነበር፤ እኛ ከሥሯ ከንፈራችንን ገጥመን እናንጎራጉራለን። እሷ ከሞተች በኋላ ያንን መዝሙር መጀመሪያ ስናቀርብ፣ አባቷ ስንኙን ለሌላ ሰው አልሰጡም። እጃቸውን ወደ ባዶው ቦታ ዘረጉ፤ እኛ አንጎራጎርን፤ ስንኙን የዘመረው የለም። እንደዚያው ወግ ሆኖ ቀረ። ቴነሮቹ «ዝምታ ወርቅ ነው፤ እኛም ወርቃችንን በየዝግጅቱ እናሳያለን» እያሉ ይቀልዳሉ። አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ደግሞ መጥቶ «ደፋር የዝምታ አጠቃቀም» ብሎ አደነቀን። ሰው የማይለው የለም።

እኔ ግን በዚያ ስንኝ ላይ እሰማታለሁ።

ሁልጊዜ አይደለም። አንዳንዴ፣ ማንጎራጎሩ ሲረጋ፣ ግራ ትከሻዬ ይበርደኛል፤ ከዚያ ድምጿ ይመጣል። ትዝታ እንዳይባል ትዝታ ከመዘመሩ በፊት አይተነፍስም፤ ይህቺ ግን መስመሩን ከመጀመሯ በፊት አየር ስትስብ እሰማታለሁ። ለእናቴ ብነግራት በማግስቱ እንጦጦ ማርያም ጠበል ይዛኝ ትወጣ ነበር። ለኳየሩ ልጆች ብነግራቸው ደግሞ እጃቸውን ጭነው ሊጸልዩልኝ ይከቡኛል። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተቀመጥኩ። ተመርቄ፣ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቀጥሬ፣ የጋሽ ኢታና ረዳት ሆኜም ከዚያ ቦታ አልተነቃነቅኩም። ሰው ለኳየሩ ያላት ፍቅር ይላል። እኔ ግን የናፈቀችኝ ሩቲ ነበረች።

ዘንድሮ ጋሽ ኢታና ጡረታ ወጡ። የስንብት ዝግጅታቸው በሰኔ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ኳየሩ ለእኔ ተላለፈ። ተማሪዎቹ ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ እንዳይዘንብ ሲጸልዩ ከረሙ፤ የአዳራሻችን ጣራ ቆርቆሮ ስለሆነ ዶፍ ከወረደ ሰው የራሱን ድምፅ እንኳ አይሰማም። በሰኔ ዝናብ አታዝንብ ብሎ መጸለይ! ገበሬ ቢሰማን ኖሮ በዱላ ነበር የሚያባርረን።

ጠዋት ለመጨረሻው ልምምድ አዳራሹ ስገባ ጀምረው ደረስኩባቸው። በሩ ላይ ቆሜ ሁለተኛውን ስንኝ ሰማሁት። ሙሉውን፣ ከነቃሉ። ሩቲ መሰለችኝ። ቀና ስል ኢየሩ የምትባለው የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ ጎበዟ ሶፕራኗችን፣ በሩቲ ቦታ ቆማ ትዘምራለች።

«ሰርፕራይዝ!» አለ የተማሪዎቹ ሰብሳቢ ቤዛብሕ፣ ሳቁ ከጆሮ እስከ ጆሮ። «ጋሼ መዝሙራቸውን ሙሉውን ሳይሰሙት እንዳይሄዱ ብለን... እ... ማለቴ፣ በቃ፣ ስጦታችን ነው። ኢየሩ ከድሮው ካሴት ነው ያጠናችው።»

«ማን ፈቀደላችሁ?»

«ሰርፕራይዝ ሆኖ ፈቃድ የሚጠየቅበት አለ እንዴ?»

እውነቱን ለመናገር አሳምራ ነበር የዘመረችው። የበለጠ ያናደደኝም እሱ ነው። «ውረጂ ከዚያ!» ብዬ ጮኽኩባት። ልጅቷ ደንግጣ ወረደች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ቦታው ባዶ የሆነ መሰላችሁ?» አልኩና ወዲያው አፌን ያዝኩ። ሁሉም አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ በላይ ብናገር ያበቃልኝ ነበር፤ ጥያቸው ወጣሁ።

ጋሽ ኢታና ከአዳራሹ በስተጀርባ ባለችው ትንሽ ቢሯቸው፣ መስኮቱ ላይ ቆመው የእንጦጦን ደመና ያያሉ። ጭጋጉ ከባሕር ዛፎቹ እየወረደ ነው። የልጆቹን ነገር ነገርኳቸው፤ ጮኼባቸው እንደወጣሁም ጭምር። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር።

«ጥሩ ልጆች ናቸው» አሉ። «ተቀመጪ እስቲ፣ ጽጌ።»

ተቀመጥኩ።

«እኔ አንድም ቀን ሰምቻት አላውቅም።»

«ማንን?» አልኩ እንደ ሞኝ።

«አንቺ የምትሰሚያትን።»

ልክድ ፈልጌ አፌን ከፈትኩ።

«እኔ እኮ እንጀራዬ ጆሮዬ ነው» አሉ ጋሽ ኢታና፣ ፊታቸውን ከመስኮቱ ሳይመልሱ። «መጀመሪያ እጄን ወደ ቦታዋ የዘረጋሁ ዕለት፣ መሃል ላይ አልቶው ሳሳብኝ። አንድ ድምፅ ጎደለኝ። ማን ነው ብዬ ሳይ አንቺ ነሽ። ማንጎራጎርሽን ትተሽ አንገትሽን ወደ ግራ ሰበር አድርገሽ ታዳምጫለሽ። ለቅሶ ነው ብዬ አለፍኩት። በሚቀጥለውም እንደዚያው። ሌላ ጊዜ ደግሞ እስከ መጨረሻው ታንጎራጉሪያለሽ፤ የዚያን ቀን ፊትሽ ጠቁሮ ይውላል። ቀስ እያለ ገባኝ። ልጄ ስትመጣ አንቺ ዝም ትያለሽ።»

ውጭ ተማሪዎች እየተሳሳቁ ሲያልፉ ይሰማል።

«ሰው ሁሉ ባዶውን ቦታ የማይ ይመስለዋል። እኔ የማየው አንቺን ነው። ዛሬ መጣች ወይስ አልመጣችም ብዬ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ትፈሪያለሽ። አንቺ ከፈራሽ ደግሞ እሷ ትቀራለች ብዬ እኔ ፈራሁ።» ዞር ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ቀልቷል። «የገዛ ልጄን በሰው ጆሮ ነው ስሰማ የኖርኩት። ቅር ብሎኝ አያውቅም አልልሽም። ለምን ለእኔ አይሆንም እያልኩ ያደርኩበት ሌሊት ብዙ ነው። ከዛሬ በኋላ ደግሞ እሱም የለም። አንቺ በእኔ ቦታ ትቆሚያለሽ፤ እሷ ጎን የሚቆም አይኖርም። ስለዚህ ስንኙ ለዛሬ ክፍት ይሁንልኝ።»

«ይሆናል፣ ጋሼ።»

«ሌላም ልለምንሽ። እንዳታታልዪኝ። ከመጣች ዝም በይ፤ ካልመጣች አንጎራጉሪ። ካልመጣችም ልወቀው።»

ቃል ገባሁላቸው። እጃቸውን ስሜ ወጣሁ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከዊንጌት አደባባይ አንስቶ መንገዱ በመኪና ተዘግቷል ተባለ። የድሮ መዘምራን ልጆቻቸውን ይዘው፣ የጋሽ ኢታና ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገቡ። ንግግር ተደረገ፣ ካባ ተደረበላቸው፣ አበባ ተሰጣቸው፤ ጋሽ ኢታና ሁሉንም በትዕግሥት ተቀበሉ። እኔ የማየው ጣራውን ነው። ካፊያው መጣ፣ ቆርቆሮውን ነካካው፣ ተወው። ኢየሩን ጠርቼ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ምክንያቱን ግን አልነገርኳትም። ወደ ሶፕራኖዎቹ ተመልሳ ቆማለች። ከግራዬ ያለው ቦታ ክፍት ነው።

የማታው ጸሎት የዝግጅቱ መዝጊያ ነበር። የመጀመሪያውን ስንኝ ሁላችንም ዘመርን። ከዚያ ጋሽ ኢታና ግራ እጃቸውን ወደ ክፍተቱ ዘረጉ፤ እኛ ከንፈራችንን ገጥመን ማንጎራጎር ጀመርን። ዝናብ የለም። የሚያስል ሰው እንኳ የለም።

ጠበቅኩ። ትከሻዬ አልበረደኝም። አየር የምትስብበት ቦታ ደረሰ፣ አለፈ። ምንም። ሳትመጣ የቀረችባቸውን ቀኖች አውቃቸዋለሁ፤ ያኔ እንኳ ሌላ ቦታ ያለች ያህል ይሰማኝ ነበር። ዛሬ ግን ከግራዬ ያለው ነገር ጣውላ ብቻ ነው። ሩቲ፣ አልኩ በሆዴ፣ በሌላ ቀን ብትቀሪ ምን ነበረበት? ዛሬ እኮ አባትሽ ነው የሚጠብቅሽ። ቃሌን አክብሬ አንጎራጎርኩ። የመጀመሪያው መስመር አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። ድምፄ ጋሽ ኢታና ጆሮ ውስጥ እየገባ አልመጣችም፣ አልመጣችም እንደሚላቸው አውቃለሁ። ካባውን አውልቀው ወደዚያ ጭር ያለ ቤታቸው ሲገቡ ታየኝ። አንጀቴ አልቻለም። ቃሌን በላሁ። ድምፄን ቆርጬ አንገቴን ወደ ግራ ሰበርኩ፤ የሚሰማ ሰው መሰልኩ።

ከዚያ ውሸቴን ተቀብለውልኝ እንደሆነ ለማየት ቀና አልኩ።

እኔን አያዩም ነበር። ዓይናቸው ክፍተቱ ላይ ነው። ፊታቸው ላይ ያለውን ነገር አውቀዋለሁ፤ ከውስጥ ነው እንጂ የማውቀው ከውጭ አይቼው አላውቅም። ቀኝ እጃቸው እኛን ይዟል። ግራው ደግሞ ወደ ባዶው ቦታ በቀስታ ዝቅ፣ ዝቅ ይላል፤ የሚቸኩል ዘማሪ ለማረጋጋት የምናውቀው ምልክታቸው ነው። ለእኛ አልነበረም፤ እኛ አልቸኮልንም። ስንኙን እስከ ጫፉ አደረሱት፤ ሩቲ የመጨረሻዋን ቃል ታስረዝምበት በነበረው ቦታ ላይ ቤዞቹ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ያዙን። ከዚያ ጣታቸውን ገጥመው ዘጉ።

ሕዝቡ ቆሞ ሲያጨበጭብ ጋሽ ኢታና እጅ አልነሱም። መጀመሪያ በእጃቸው ክፍተቱን አሳዩ፤ መሪ ለብቻው የዘመረውን ሰው ለማስመስገን እንደሚያሳየው። ሰዉ ግራ እየተጋባ ለባዶ ቦታ አጨበጨበ። ኢየሩ አጠገቤ ስታልፍ «ምን አይተው ነው?» አለችኝ።

ስንብቱ ሲያልቅ ጋሽ ኢታና ከሰው መሃል ጎትተው አወጡኝና ክንዴን ጨበጡ። ይስቃሉ፣ እንባቸውም ይወርዳል።

«ዛሬም ትቸኩላለች!» አሉ። «ትንፋሽሽን ቆጥቢ ብዬ ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ! ሰማሻት አይደል? መጀመሪያ ያበድኩ መስሎኝ ነበር። አንቺ ዝም ስትዪ ነው ልቤ ያረፈው።»

«አዎ፣ ጋሼ» አልኩ። «ሰማኋት።»

ግንባሬን ሳሙኝና ሄዱ። የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ከብበው እስከ መኪና ሸኟቸው፤ ከሩቅ ሲያወሩ የጋሼ ድምፅ የወጣት ነበር። ደስ ብሎኛል፤ እውነት ደስ ብሎኛል። ግን ቀናሁባቸው። እንዲህ ያለ ቅናት በሰው ሠርግ ላይ እንኳ ተሰምቶኝ አያውቅም።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን ተመልሼ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ወጣሁ፤ ከዚያ ወደ ግራ አንድ እርምጃ ተራምጄ ክፍተቱ ውስጥ ቆምኩ። ቆሜበት አላውቅም ነበር። አይበርድም። የራሴን ድምፅ ዝቅ አድርጌ ሁለተኛውን ስንኝ ጀመርኩላት፤ ትቀበለኛለች ብዬ። አቆምኩላት። ጠበቅኩ። «እኔስ?» አልኩ ጮክ ብዬ። «እኔንስ ትተሽኝ ሄድሽ?»

መስኮት ሊዘጋ የገባው ዘበኛ ኡርጌሳ ዙሪያውን ቃኘና ወደ እኔ ቀና አለ።

«እትዬ ጽጌ፣ ከማን ጋር እያወሩ ነው?»

«ከማንም ጋር» አልኩት። እውነቴን ነበር።