አንዱ ለሁሉም ይበቃል

ችኩሌ ባርኔጣ ሊመርጥ የመጣው ባርኔጣ ቤት ሳይሆን ታላቅ እህቱ መነጽር ቤት ነበር። ችኩሌ ያሉት አባቱ ናቸው፤ በስድስት ዓመቱ በብስክሌት ከአጥር ጋር ከተላተመ ጀምሮ እናት ያወጡለት ስም ተረስቶ በዚሁ ቀረ። አሁን አርባ ሊሞላው ምንም አልቀረው። ሦስት ዓመት ሙሉ በየእረፍት ቀኑ ሲፈታና ሲገጥማት የኖረው ጣሪያ አልባ ስፖርት መኪና ተጠግና አልቃ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ያላት ሁለት ወንበር ብቻ ነው፤ ዛሬ በሁለተኛው ላይ አባቱ ይቀመጣሉ።

ይህ እንዲህ በዋዛ የተገኘ ነገር አይደለም። አባት ልጃቸው የሚነዳው መኪና ውስጥ ገብተው አያውቁም። ከተራራው ማዶ ያለች እህታቸውን ለመጠየቅ ከእሱ ጋር እሺ ያሉት ታላቂቱ ልጃቸው ዋስ ስለሆነች ነው። አናቱንም ዓይኑንም እኔ አዘጋጀዋለሁ ብላቸዋለች፤ የእሷ ቃል ደግሞ በዚያ ቤት መሬት አይወድቅም።

ከጎረቤት ሱቅ አምስት ባርኔጣ ተውሳ፣ ቬንቲሌተሩን እስከ መጨረሻው ከፍታ ወንድሟን ከፊቱ ገተረችው። መጀመሪያ የበረረው ጠርዘ ሰፊው ነው። ችኩሌ ልቡ የወደደው እሱን ስለነበር ከመደርደሪያው ሥር እያወጣ ቀስ ብዬ ነው እኮ የምነዳው ቢል ሰሚ አጣ። ባለ ጥላውን ኮፍያ ነፋሱ ከሥር ገብቶ ገለበጠው። በመጨረሻ ጆሮ ድረስ የሚሸፍን የቆዳ ቆብ አጠለቀችለትና ከአገጩ ሥር ራሷ አሰረችው። ድንች መሰልኩ ብሎ አጉረመረመ። መስሏልም፤ ቆቡ ግን ንቅንቅ አላለም።

መነጽሩ ላይ ቀልድ የለም። ችኩሌ ያለ መነጽር የራሱን ጣት መቁጠር ያቅተዋል። አንድ ነጭ፣ አንድ ጥቁር፣ ሁለት ልያዝ ብሎ ቢለምን ነገሩን ከአፉ ነጠቀችው፤ እየነዳህ ልትቀያይር ነው ወይ አለችው። ያዘዘችለት ፀሐይ ሲያገኘው በራሱ የሚጠቁር፣ ጥላ ሲገባ የሚነጣ ሌንስ ነበር። ጎኑን እንዳይከልለው የመነጽሩ ክንድ ቀጭን ነው፤ ፍሬሙ ነፋስ እንዳያስገባ ጉንጩ ላይ ልክክ ብሏል።

«አንዱ ለሁሉም ይበቃል» አለችው።

«እርግጠኛ ነሽ፣ እትዬ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ምን ስሠራ የኖርኩ መሰለህ?»

በጄ ብሎ አባቱን ሊወስድ ሄደ።

ግማሽ ሰዓት ቆይቶ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ገባና ያንኑ ዓይነት ሌንስ ጠየቃት። እሷም ለሹፌር ሁሉ የምትለውን ማለት ጀመረች፤ የመኪና መስታወት ሌንሱን የሚያጠቁረውን የፀሐይ ጨረር ስለሚያስቀረው ውስጥ ሲሆኑ እምብዛም አይጠቁርም፣ ደጅ ግን በደንብ ይጠቁራል፣ ከፀሐይ ወደ ጨለማ ሲገቡ እስኪነጣ ሁለት ሦስት ደቂቃ መታገስ ነው። ሁለት ሦስት ደቂቃ የሚለው ቃል ከአፏ እንደወጣ ክው አለች። የችኩሌ መኪና ጣሪያ የላትም። የአክስታቸው መንገድ ደግሞ ተራራውን የሚያልፈው ግማሽ መብራቱ በማይሠራ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚነዳበት ረጅም መሿለኪያ ውስጥ ነው።

ደወለች። ይጠራል፣ አይነሳም። ሦስተኛው ላይ ምክንያቱ ገባት፤ ጆሮውን በቆዳ የደፈነችው ራሷ ናት። የአባቷን ስልክ ያነሱት እናቷ ነበሩ። አባትሽ ስልኩን ረስቶት ሄደ፣ ከወጡ ሃያ ደቂቃ ሆኗቸዋል፣ ደግሞ እየሳቀ ነው የወጣው አሏት።

ሹፌሩ ነገሩን ሲሰማ ቁልፉን አነሳ። ጭነት መኪናው ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ እሷ እግሯን ወለሉ ላይ ትጫን ነበር፤ የሚፈጥን ይመስል። መሿለኪያው አፍ ሊደርሱ ሲሉ መንገዱ ተዘግቷል። ወርዳ በቆሙት መኪኖች መሀል ሮጠች።

የመሿለኪያው ጠባቂዎች የችኩሌን መኪና ገፍተው ወደ መግቢያው አውጥተዋታል። በመሪው በኩል ጎኗ ከፊት እስከ ኋላ ተልጧል፤ የፊት ጎማዋ ፈንድቷል። ሁለቱም በእግራቸው ቆመዋል። ነፍሷ መለስ አለች።

አባት ልጃቸው ላይ ይወርዱበት ነበር። ድሮም ችኩል፣ ዛሬም ችኩል፣ ሰው ልትገድል፤ የቀራቸው ነገር የለም። ችኩሌ መነጽሩን እንዳጠለቀ አንገቱን ደፍቷል። ቀና ብሎ እህቱን አያት፤ ምን እንደሆነ ማወቁ ያስታውቃል። ለአባቱ ግን ትንፍሽ አላለም። ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም ነበር። ለአንድ አፍታ ዝም አለችም፤ በዚያች አፍታ እስከ ዛሬ ታፍራለች።

«አባዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ያሳወረው እኔ የሰጠሁት መነጽር ነው።»

«አትሸፍኚለት» አሉ።

በሕይወቷ ሸፍናለት አታውቅም፤ ስታሳብቅበት ነው ያደገችው። መነጽሩን ከወንድሟ ዓይን ላይ አነሳችና የአባቷን መነጽር አውልቃ በቦታው አደረገችው። ችኩሌ ዓይኑን የወረሰው ከእሳቸው ስለሆነ የመነጽራቸው ቁጥር ብዙም አይራራቅም። ሌንሱ እስኪጠቁር ሰማዩን አሳየቻቸውና ክንዳቸውን ይዛ በግድግዳው ሥር ባለው የእግር መንገድ ወደ ውስጥ አስገባቻቸው። አሥር እርምጃ ያህል እንደሄዱ ቀጥ አሉ። ባዶው እጃቸው ግድግዳውን ፈለገ፤ የሌላኛው ጥፍር ክንዷ ውስጥ ገባ። ብዙ ቆዩ።

ሲወጡ መነጽሩን አውልቀው ለልጃቸው መለሱለት። ድምፃቸው ዝግ ብሏል።

«ምንም ሳታይ እንዴት አቆምካት?»

አባቱ ስለ መንዳት ጠይቀውት አያውቁም። የሚቀልዱበት መስሎት መነጽሩን አጥልቆ ፊታቸውን አየ፤ እየቀለዱ አልነበረም።

«ግድግዳው ላይ አስጠግቼ፣ እየታከከች ነው የቆመችው» አለ። «በኔ በኩል ነው ያስጠጋኋት። እርስዎን እንዳይነካ።»