ኩላሊቷን የሰጠችው

«ኩላሊቷን የሰጠችው የቷ ናት?» አለች አንዲት ለቀስተኛ ገና ከበሩ።

ጣት ሁሉ ወደ ሟቹ እህት ተቀሰረ። ሴትየዋ ሚስቲቱን አልፋት ሄዳ እህቲቱ አንገት ላይ ተጠመጠመች። «አንቺን የመሰለ እህት ማን አለው!»

ሚስቲቱ የዘረጋችውን እጅ ሰብስባ ሻይ መቅዳት ያዘች። ከቀብሩ ወዲህ እንዲሁ ነው። ባል የሞተባት እሷ፣ የሚጽናናው ሌላ።

ያኔ ኩላሊቱ ሲደክምም ቀድማ «የኔን ውሰዱ» ያለችው እሷ ነበረች። አልገጠመም። ባሏ፣ ያ ቀልደኛ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ካገገመ በኋላ ጎኑን መታ መታ እያደረገ «እህቴ እዚህ ናት» ሲል ታኮርፋለች።

«እኔስ?»

«አንቺማ ከነጓዝሽ ገብተሽ የለ እንዴ!»

ሳቁ አልዘለቀም። ተቅማጥ ጀመረው፤ ሆዱን ቆረጠው፤ ሳል ተከተለ። ሳህን የያዘችለት፣ አንሶላ ያጠበችለት እሷ ናት። ይህን ማን ያወራላታል? ጠባሳ የለውማ!

ሚስቲቱ ሻይ ልትጨምር ጓዳ ስትገባ እህቲቱ ተከተለቻት። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እትዬ፣ የገደለው የአንጀት ትል ነው አሉ። በሚሰጥ ኩላሊትም ይተላለፋል ሲሉ ሰማሁ። ከኔ ይሆን?»

ሚስቲቱ መልሱን ታውቃለች። ሐኪሙ ነግሯታል፦ ባሏ በወጣትነቱ በባዶ እግሩ የፍሳሽ ቦይ ሲቆፍር ትሉ በቆዳው ገብቶ አንጀቱ ውስጥ አድፍጦ ኖሯል። ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋ የተሰጠው መድኃኒት መከላከያውን ሲያደክም፣ ትሉ ተራብቶ ወረረው። የእህቲቱ ደም ንጹሕ ነው፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት ከእሱ ተወስዶ የተቀመጠው ደም ግን አሁን ሲመረመር የትሉን ምልክት ይዞ ተገኝቷል።

ዝም ብትል ያ ሁሉ ሙገሳ እህቲቱ ጉሮሮ ላይ እንደ አጥንት ይሰነቀራል። ሐሳቡ ጣፈጣት።

እህቲቱ ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች። «ወንድሜን በላሁት» አለች። ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ ቁርጥ እሱን!

ሚስቲቱ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ካንቺ አይደለም። አንቺ ሳትሰጪው በፊት በሆዱ ነበር። ሐኪሙ መርምሮ አረጋግጧል።»

«እውነት?»

«ብዋሽ አጥንቱ ይፋረደኝ። እኔም ልሰጠው ፈልጌ ነበርኮ።»

«አውቃለሁ እትዬ። ሆስፒታል ላበላው ስል ፊቱን አዙሮ ‹እሷ ትምጣ› ይለኝ ነበር። እንዴት እቀናብሽ ነበር መሰለሽ!»

ሚስቲቱ የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ የእህቲቱን አፍንጫ እንደ ሕፃን ጠረገችላት።